የመዋዕለ ሕፃናት እርዳታ ልጁን ይከተል



የትምህርት ቤት ምዝገባ በቀረበ ቁጥር ወደ ማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው። «ልጄን የት ላስገባ? ክፍያውንስ በምን አቅሜ ልቻለው?» የሚል ነው። ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ ስላልሆነ በዚህ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ልንነጋገርበት ይገባል።

አንዳንዶቻችን መዋዕለ ሕፃናት ማለት መጫወቻ ነው፣ ባይገባስ ምን ይቀርበታል እንላለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እርሳስ ጨብጦ የማያውቅ የ7 ዓመት ልጅ፣ ሁለት ዓመት ፊደል ከቆጠረ ልጅ ጎን አንደኛ ክፍል ሲቀመጥ ምን ይሆናል? መምህሩ ከሚከተለው ጋር ይሄዳል፣ ያኛው ወደ ኋላ ይቀራል። ክፍል ይደግማል፣ በኋላም ትምህርት ይጠላል። እናትየው ጉሊት የምትውል ወይም የቀን ሥራ የምትሠራ ከሆነች ደግሞ ሕፃኑን ለታላቅ እህቱ ጥላ ትሄዳለች። ያቺም ልጅ ከትምህርቷ ትቀራለች። ስለዚህ አንድ ሕፃን ቦታ ሲያጣ የሚጎዱት ሁለት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

እንደሚታወቀው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። እስከ 100 ብር የሚደርሰውን የቤት ኪራይ የሚሰበስቡት ቀበሌዎቹ ነበሩ፤ ብዙ ቀበሌዎችም መዋዕለ ሕፃናት ከፍተው ነበር። ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ ያለን ሰዎች ፊደል የቆጠርነው ወይ በቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት፣ ወይ በቄስ ትምህርት ቤት፣ ወይ በቁርዓን ቤት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ግን መዋዕለ ሕፃናት በአብዛኛው ለግል ባለሀብትና ለበጎ አድራጊ ተተወ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በነፃ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ያለው ግን ገንዘብ ላለው ሰው ሆነ።

ነገሩ መሻሻል የጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ «ኦ ክፍል» እንዲከፈት መንገድ ጠረገ። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርት ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ ትምህርት እንዲኖር አደረገ። በከተማችን በአዲስ አበባም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አስተዳደሩ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ ሕፃናት ዩኒፎርምና ደብተር ያድላል፤ ምግብም ያበላል። ይህ ትልቅ ነገር ነውና ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን አንድ ጉድለት አለ። እርዳታው የሚሰጠው በትምህርት ቤቱ በኩል ነው፤ ልጁን አይከተልም። በአንድ አጥር የሚኖሩ፣ ገቢያቸውም እኩል የሆነ ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። የአንደኛው ልጅ የመንግሥት ቦታ አገኘ፤ ይማራል፣ ይበላል፣ ይለብሳል። የሌላኛው ልጅ «ክፍሉ ሞልቷል» ተባለ። ከዚያ በኋላ የመመዝገቢያውም፣ የየወሩም፣ የልብሱም ወጪ በአባትና በእናት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ካልቻሉ ልጁ ቤት ይቀራል። ይህ ተገቢ አይደለም።

ስለዚህ የማኅበራችን አቋም ይህ ነው። በቅርብ ባሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሕፃናት ክፍል ይጨመር። ክፍሉ እስኪጨመር ድረስ ቦታ ያጣ የድሃ ልጅ በግል መዋዕለ ሕፃናት ሲማር መንግሥት ክፍያውን ይደግፍ። «ለሁሉም ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ለሁሉም አላልንም። መክፈል የሚችል ይክፈል፤ የማይችለው ማን እንደሆነ ደግሞ ጎረቤት ያውቃል።

ጥያቄያችን እንዲሰማ እኛም የድርሻችንን እንሥራ። አንደኛ፣ የልደት ምስክር ወረቀት ያላወጣችሁ ዛሬውኑ አውጡ። የልደት ምዝገባ በመላ ሀገሪቱ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እየተካሄደ ነው፤ ሕጉ በ90 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ ይላል፤ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ይመዘገባል። በወረቀት ጉድለት ቦታው ለሌላ ሲሰጥ ማየት ያንገበግባል። የክትባት ካርዱንም አትጣሉ። ሁለተኛ፣ ምዝገባው ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ሂዱ። «ልጁን መንግሥት ቤት ያስገባ አቅም የሌለው ነው» የሚለው ወሬ ይቅር። ከእቁብ ተበድሮ፣ ከጉሮሮ ነጥቆ ለስም ብሎ መክፈል ኩራት አይደለም። ሦስተኛ፣ ዕድሜው ደርሶ ቦታ ያጣ ልጅ ያላችሁ ሁሉ በጽሕፈት ቤታችን ስም አስመዝግቡ። ዝርዝሩን ይዘን ወረዳው ዘንድ እንቀርባለን። በአፍ የተነገረ ይረሳል፤ ስም ከነዕድሜው ተጽፎ ሲቀርብ ግን መልስ ያስፈልገዋል።

መልሱ እስኪመጣ ሕፃናቱ ዕድሜያቸው አይጠብቅም። አቅም ያላችሁ ነዋሪዎች የአንድ ጎረቤት ልጅ ክፍያ ለጥቂት ወራት እንድትሸፍኑ ወይም ለማኅበሩ መዋጮ እንድታደርጉ በትሕትና እንጠይቃለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። የሚረዳው ቤተሰብ ስም በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፤ ደረሰኙና ሒሳቡ ግን ይለጠፋል።

የማኅበሩ ጸሐፊ