የላከችው ብር ቤት ሠራ፣ እሷ ተከራየች

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር በሚያደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በአረብ አገር ብር የተሠራ ቤት ማየት ብርቅ አይደለም። ሳሩ ወርዶ ቆርቆሮ የተመታው፣ ግድግዳው ተለስኖ ቀለም የተቀባው፣ በሩ ብረት የሆነው ልጅቱ ከሪያድ ወይም ከጅዳ በላከችው ገንዘብ ነው። ልጅቱ ስትመለስ ግን ብዙ ጊዜ በዚያ ቤት አትቆይም። ጥቂት ሳምንት እንደ እንግዳ ትሰነብትና ሻንጣዋን ይዛ ደብረ ወርቅ ከተማ ትገባለች፤ ከሰው ግቢ አንዲት ክፍል ትከራያለች። ጎረቤቱም «ያን ሁሉ ዓመት ለፍታ የሰው ቤት ገባች» ይላል።

እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። በስሟ በተጻፈ ውል የተከራየችው ክፍል ከአውሮፕላን ትኬቱም ከስልጠናውም በላይ የመመለሷ መሠረት ነው ባይ ነኝ። ችግሩ ይህን መሠረት ቤተሰብም፣ ቀበሌም፣ ተመላሽ እንረዳለን የሚሉ ድርጅቶችም ከቁጥር አለማስገባታቸው ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመሬት ነው። ጎጃም የርስት አገር ነበር። በርስት ሥርዓት ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል እስከ አቅኚ አባቱ ድረስ ዘሩን ቆጥሮ ድርሻ መጠየቅ ይችላል፤ ርቆ መኖሩ ክርክሩን ያከብድበት እንደሆነ እንጂ መብቱን አይፍቅበትም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን ጎጃም ውስጥ አጥንቶ ስለ አማራ የመሬት ይዞታ በጻፈው መጽሐፍ ያሳየውም ይህንኑ ነው። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በ1960 በእርሻ ገቢ ግብር የተነሳ ሲሸፍት፣ ከሚከፈለው ብር ይልቅ ያስቆጣው «መሬቱ ሊለካ፣ ርስቱ ሊነካ ነው» የሚለው ስጋት ነበር። ያን ርስት የ1967ቱ የመሬት አዋጅ አስቀረው። በ1989 በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲከፋፈል ደግሞ «ቢሮክራሲ» እና «የፊውዳል ቅሪት» ከተባሉት ተነጥቆ ለሌሎች ተሰጠ። ዛሬ ከሳዑዲ የምትመለሰው ወጣት ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ወይም ገና አልተወለደችም። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ክፍፍል አልመጣላትም።

ስለዚህ የላከችው ብር ያረፈው በሌላ ሰው ይዞታ ላይ ነው። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው ያለው አባትና እናት ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ ደግሞ አብሯቸው ሲያርስ የኖረ፣ አግብቶ የወለደ ወንድም አለ። እዚህ ላይ የግድ ክፉ ሰው መፈለግ አያሻም፤ የከዳ ወንድም ቢኖርም፣ ማንም ሳይከዳት ቤት አልባ የሆነች ትበዛለች ብዬ አምናለሁ። ዱሮ ዘር ሰውን ወደ መሬቱ ይመልስ ነበር፤ አሁን የሚመልሰው እዚያው መኖርና ማረስ ነው። እሷ ደግሞ ያልነበረችው ለእነሱ ብላ ነው።

ከተማስ? ደብረ ወርቅ የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንዲህ ባለች ከተማ ክፍል የሚፈልገው ብዙ ነው፤ ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የወረዳ ሠራተኛ፣ ከገጠር ስንቁን ተሸክሞ መጥቶ ሁለት ሦስት ሆኖ ተከራይቶ የሚማር ተማሪ። አከራይ ደመወዝተኛውን ይመርጣል፤ ወር በመጣ ቁጥር ይከፍላልና። ተማሪውንም አባቱን ያውቀዋል። ከአረብ አገር የመጣች ብቸኛ ሴት ስትመጣ ግን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ያስባል፦ ብር አላት፣ ጠባቂ የላትም። በመጀመሪያው ምክንያት ዋጋው ይጨመርባታል፤ የሦስት ወይም የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ ትጠየቃለች። በሁለተኛው ምክንያት እንግዳ እንዳታመጣ፣ ሳታመሽ እንድትገባ ይነገራታል። ይህ ሁሉ በቃል ነው። በቃል የገባች በቃል ትወጣለች፤ የአከራዩ ልጅ ሲያገባ ወይም የተሻለ ከፋይ ሲመጣ «ክፍሏን ለራሳችን ፈልገናታል» ከተባለች በቂ ነው።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 2016 ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ጥሩ ሕግ ነው። የታሰበው ግን በዋናነት ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ሲሆን፣ በክልሎች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎቹ በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። ስለ ኪራይ ስናወራ ቦሌና ሳሪስ ብቻ ትዝ ስለሚሉን፣ እንደ ደብረ ወርቅ፣ ቢቸናና ሞጣ ያሉ ከተሞች የመጨረሻ ተረኛ እንዳይሆኑ እፈራለሁ።

የጽሑፍ ውል ጥቅሙ ካለመባረር ያልፋል። ለዓመታት የራቀች ሰው መታወቂያ ለማውጣት ወይም ለማደስ ስትሄድ ቀበሌው የሚጠይቃት «የት ነው የምትኖሪው? ማን ያውቅሻል?» ብሎ ነው። ከገጠር ቀበሌዋ መሸኛ ታመጣለች፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ የምትኖርበትን ቤት የሚመሰክር ያስፈልጋታል። አንዳንድ አከራይ ግብር ይመጣብኛል ብሎ ተከራይ እንዳለው መናገር አይወድም። መታወቂያ ከሌለ በማኅበር ተደራጅቶ የቤት መሥሪያ ቦታ መጠየቅ የለም። ብድርም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ፀደይ ባንክ የሆነው የቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለድኻ ሲያበድር የኖረው በቡድን ዋስትና ነው፤ ነገ የት እንደምትገኝ የማይታወቅ ሴት ደግሞ ማን ዋስ ይሆናታል? አንዲት ተመላሽ የጀመረችው የእንጀራ ወይም የቡና ሥራ ሲቆም «ሥራ አልወደደችም» ይባላል። ከምትሸጥበት ግቢ ስንት ጊዜ እንደተነሳች የሚጠይቅ የለም።

የመመለስ ታሪካችን ደግሞ በጅምላ ነው። ከ2006 መጀመሪያ አንስቶ ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን አባረረች። በ2014 ሌላ 100 ሺህ ሰው ለመመለስ ስምምነት ተደረገ፤ በ2016 ደግሞ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደሚመለስ መንግሥት አስታወቀ። በእነዚህ ሁሉ ዘመቻዎች የሚቆጠረው በረራው ነው፤ ስንት አውሮፕላን ቦሌ አረፈ፣ ስንት ሰው ወረደ። ለተመላሹ ጊዜያዊ ማረፊያና እስከ ትውልድ ቀዬው የሚያደርስ የጉዞ ገንዘብ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ ትልቅ ግምት አለ፦ ቀዬው ከደረሰ ቤቱ ገባ የሚል። ይህ ግምት ስህተት ነው፤ ስህተትነቱንም ከላይ ያልኩት የመሬት ነገር ያስረዳል። የመጀመሪያው ዓመት ኪራይ በእርዳታው በጀት ውስጥ ራሱን የቻለ መደብ ሊሆን ይገባዋል፤ ያውም በእጅ ከሚሰጥ ይልቅ በተጻፈ ውል ለአከራዩ ቢከፈል መታወቂያውንም አብሮ ያመጣል።

ይዛ የመጣችው ብርስ ይበቃታል የሚል ይኖራል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ60 በታች የነበረው የዶላር ዋጋ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ሪያል ያላት ሰው ብሯ በዛ። ግን ቆርቆሮውም፣ ብረቱም፣ ሲሚንቶውም፣ ኪራዩም አብሮ ወጣ። በዚያ ላይ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ያለው ጦርነት መንገዱን አስፈሪ፣ ሥራውን ቀዝቃዛ አድርጎታል። አሁን የምትመለስ ሴት ያለ ገቢ የምትቆይበት ወር ይረዝማል፤ የያዘችውም ቶሎ ያልቃል።

ስለ ክብር የሚነሳውን ጥያቄም አልሸሽም። የራስ ቤት ክብር ነው፤ አገሩ ርስት ወዳድ ነው፤ ኪራይ ቤት መግባት ያሳፍራል። ነገር ግን ይህች ሴት በአረብ አገር ስትኖር በአሠሪዋ ቤት ነው ያደረችው፤ በከፋላ ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ ስም የታሰረ፣ ብዙ ጊዜም ፓስፖርቷ በእነሱ እጅ የነበረ። ደብረ ወርቅ የተከራየቻት ክፍል ምናልባት በሕይወቷ ቁልፉን በራሷ እጅ የያዘችው የመጀመሪያው በር ናት። ከወንድሟ ጓሮ ተጠግታ ሚስቱን እያስቸገረች ከምትኖር ያቺ ክፍል ትበልጣለች። ይህን የሚያሳፍር የሚለው ሰው ምን እንዳሳለፈች አልጠየቃትም።

ዛሬም ከጅዳ፣ ከኩዌት፣ ከቤይሩት ብር የሚላክላችሁ አባቶች፣ እናቶችና ወንድሞች፦ የምትልከውን ሁሉ ግድግዳና ቆርቆሮ አታድርጉት። የላከችበትን ደረሰኝ አስቀምጡላት፤ በራሷ ስም ሂሳብ እንድትከፍት ምከሯት፤ ከየወሩም ጥቂት እዚያ ይግባ፤ ስትመጣ ቢያንስ የአንድ ዓመት ኪራይ ይሁናት። አከራዮችም ውሉን ጻፉላት።