የነፋሱን አፍ የዘጋ ዜማ

ግላይደር የሚባለው ሞተር የለሽ አውሮፕላን የጐታቹ ገመድ ከተፈታ በኋላ የሚኖረው በአየሩ ቸርነት ነው። ፀሐይ ያሞቀችው አየር ሽቅብ ሲነሣ አብራሪው እንደ አሞራ እየዞረ አብሮት ይወጣል፤ አየሩ ሲከዳው ይወርዳል። ይህን ጉዞ በፊልም የሚያስቀሩ አብራሪዎች ዛሬ ብዙዎች ናቸው። ጥፋቱ የሚፈጸመው ግን በሰማይ ላይ ሳይሆን ፊልሙ ተቆርጦ በሚቀጠልበት ጠረጴዛ ነው። በዚያ የነፋሱ ድምፅ ይፋቅና በምትኩ ቫዮሊንና ከበሮ ይደፋበታል።

ለዚህ ድርጊት የሚቀርበው ምክንያት የታወቀ ነው። በአብራሪው ክፍል ውስጥ ከሹሹታ በቀር የሚሰማ ነገር የለም፤ ተመልካች ይሰለቻል፤ የበረራን ደስታ የሚያካፍለው ሙዚቃ ነው ይባላል። ይህ አባባል በረራንም ኪነ ጥበብንም ይበድላል።

በመጀመሪያ፣ ያ የተናቀ ሹሹታ ቋንቋ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱ በክንፉና በመስተዋቱ ላይ ይጮኻል፤ አፍንጫው ቀና ብሎ ፍጥነቱ ሲሞት ድምፁም ይከስማል። ተመልካች ሰላም የሚለው ያ ድንገተኛ ጸጥታ ለአብራሪው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ክንፉ አየሩን መጨበጥ ሊያቅተው መቃረቡን ይነግረዋል። ቫሪዮሜትር የተባለው መሣሪያም አውሮፕላኑ ሲወጣ ድምፁን ያቀጥናል፤ ሲወርድ ያጐረንናል። ለዚህ መሣሪያ አንደበት የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ሙቅ አየር ውስጥ ብዙ ግላይደሮች አብረው ስለሚዞሩ የአብራሪው ዓይን ከውጭ መነቀል የለበትም። ስለዚህ አብራሪው ግማሹን የሚበርረው በጆሮው ነው። ይህን ጆሮ የደፈነ ፊልም ተመልካቹን ከአብራሪው ጎን አንሥቶ ወደ ሜዳ ይመልሰዋል። ማረፊያው ሲቃረብ ደግሞ በደሉ ይከፋል። ሞተር የሌለው አውሮፕላን ተመልሶ ለመሞከር ዕድል የለውም፤ የዚያች ደቂቃ ጭንቀት ያለው በነፋሱ ድምፅ መውጣትና መውረድ ውስጥ ነው። ከበሮው ቀድሞ «አሁን ፍራ» ካለው፣ ተመልካቹ የሚፈራው ከበሮውን እንጂ አየሩን አይደለም።

የኪነ ጥበቡም ክርክር አዲስ አይደለም። አይዘንሽታይን፣ ፑዶቭኪንና አሌክሳንድሮቭ እ.ኤ.አ. በ1928 ባወጡት መግለጫ፣ ድምፅ ምስሉን ተከትሎ የሚያስተጋባ ሎሌ ከሆነ የፊልምን ጥበብ እንደሚጎዳ አስጠንቅቀው ነበር። ደመና ሲታይ ዋሽንት፣ ክንፍ ሲያዘነብል ቫዮሊን የሚያሰማ ሰው የሚሠራው ይህንኑ የሎሌነት ሥራ ነው። በሽንኩርት የመጣ እንባ ኀዘን እንደማይባል፣ ከዜማ የተበደረ ስሜትም የበረራ ደስታ አይባልም።

በዚህ ላይ «የቶማስ ክራውን ጉዳይ» የተሰኘው የኖርማን ጁዊሰን ፊልም በማስረጃነት ይጠቀስ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው በዚህ ፊልም ግላይደሩ በሰማይ ሲዞር የሚሼል ለግራን ዜማ አብሮት ይዞራል፤ ዘፈኑም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። ውበቱ አይካድም። ነገር ግን በዚያ ፊልም ግላይደሩ የአንድ ባለጸጋ ሌባ እረፍት ያጣ ኅሊና ምሳሌ ነው፤ ዘፈኑም የሰውየው ነው። ፊልሙ «በረራ ይህን ይመስላል» ብሎ አልማለም። ለልብ ወለድ የተፈቀደውን ምስክር ሲያደርገው ሐሰት ይባላል።

ከወዲያኛው ወገን አንድ እውነት አለ። በዘፈቀደ የተሰቀለ ማይክሮፎን የሚቀዳው ጩኸት አብራሪው የሚሰማውን አይመስልም። የብር ምልክት ለማግኘት ከሚጠየቁት አንዱ አምስት ሰዓት በአየር ላይ መቆየት ነውና፣ ያን ሁሉ ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚያይም አይገኝም። ሆኖም የክፉ ድምፅ መድኃኒቱ ደኅና አድርጎ መቅዳት ነው፤ የርዝመት መድኃኒቱም መቀስ ነው። መቀስ ጊዜን ያሳጥራል እንጂ ምስክሩን በሌላ ምስክር አይለውጥም።

ዜማ የግድ ካስፈለገ ቦታ አይጠፋለትም፤ ገመዱ ሳይፈታ በፊት ይሰማ፣ ጎማው ቆሞ አቧራው ሲሰክንም ይመለስ። በመካከሉ ያለው ሰዓት ግን የነፋሱ ነው። አብራሪው ሕይወቱን አደራ የሰጠው ለዚያ ድምፅ ነውና፣ ተመልካቹም ሊሰማው ይገባል።