አዲስ ሙዚቃን ለሌላው ስለማሰማት

ተማሪዎች፤ ከእናንተ መካከል አዲስ ዘፈን ሰምቶ ለጓደኛው «እስቲ ይህን ስማልኝ» ያላለ የሚገኝ አይመስለኝም። ነገሩ ቀላል ይመስላል። በእኔ አስተያየት ግን ሙዚቃን መርጦ ለሌላው ማሰማት ኃላፊነት ያለበት ሥራ ነው። አያሌ ዘፈኖች ከመረሳት የዳኑት በሠሪዎቻቸው ችሎታ ብቻ ሳይሆን፣ ሰምቶ «ስሙልኝ» የሚል ሰው በመገኘቱ ጭምር ነው። ለዚህም ምስክር የሚሆነን የዲስኮና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1972 የአፍሪካ የእግር ኳስ ዋንጫ ውድድር በካሜሩን ተካሄደ። ማኑ ዲባንጎ የተባለው ካሜሩናዊ የሳክስፎን ተጫዋች ለአገሩ ቡድን አንድ መዝሙር ሠራ። መዝሙሩ በአንዲት ትንሽ ሸክላ ፊት ላይ ተቀረጸ፤ በሸክላዋ ጀርባ ደግሞ «ሶል ማኮሳ» የተባለ ሌላ ዘፈን ገባ። ለበዓሉ የታሰበው የፊቱ መዝሙር ነበር፤ ዕድል የገጠመው ግን የጀርባው ዘፈን ሆነ። ዴቪድ ማንኩሶ የተባለ የኒውዮርክ ነዋሪ ይህችን ሸክላ በብሩክሊን ከሚገኝ የካሪቢያን ሰዎች ሸክላ ቤት አገኛት። ማንኩሶ ከ1970 ጀምሮ በመኖሪያ ቤቱ ለተጋበዙ ሰዎች የጭፈራ ምሽት ያዘጋጅ ነበር። በዚያ ቤት መጠጥ አይሸጥም፤ እንግዳው የሚመጣው ለሙዚቃውና ለጭፈራው ነው። ዲስኮ ከበቀለባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ቤት ነው። ማንኩሶ ዘፈኑን ለእንግዶቹ አሰማ። ከዚያም ፍራንኪ ክሮከር የተባለው የሬዲዮ አቅራቢ ለከተማው አሰማው። ሸክላዋ ከገበያ እስክትጠፋ ድረስ ተፈለገች፤ ሌሎች ባንዶችም ዘፈኑን እየቀዱ ተጫወቱት። በ1973 ዋናው ሸክላ በአሜሪካ በታወቀው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ እስከ 35ኛ ደረጃ ወጣ።

እዚህ ላይ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ማንኩሶ ዘፋኝ አልነበረም፤ የሸክላ ኩባንያም አልነበረውም። የነበረው የሚሰማ ጆሮና እንግዶቹ የሚያምኑት መሆኑ ብቻ ነው። በ1975 ደግሞ ከሌሎች ሸክላ አጫዋቾች ጋር ሆኖ አንድ ማኅበር አቋቋመ። ኩባንያዎች አዳዲስ ሸክላዎችን ለማኅበሩ ይሰጣሉ፤ አባላቱም በየጭፈራ ቤታቸው ካሰሙ በኋላ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው መልሰው ያሳውቃሉ። ጥቆማ በሥርዓት ሲያዝ እንዲህ ይሆናል።

ሳይሰሙ መፍረድ ግን ከዚህ ተቃራኒ ነው። ሐምሌ 12 ቀን 1979 በቺካጎ ከተማ በአንድ የቤዝቦል ሜዳ ውስጥ ዲስኮን የጠሉ ሰዎች ሸክላ ከምረው በፈንጂ አጋዩት። ሕዝቡ ሜዳውን ስለ ወረረው የዚያን ምሽት ሁለተኛ ግጥሚያ ማካሄድ አልተቻለም። ከተሰበሰቡት ሸክላዎች መካከል ዲስኮ ያልሆኑ የጥቁር አሜሪካውያን ዘፈኖችም እንደነበሩ በቦታው የነበሩ ተናግረዋል፤ ቁጣው ስለ ሙዚቃ ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ መገመት አያስቸግርም። በዚያው በቺካጎ ግን ፍራንኪ ናክልስ የተባለ ወጣት ዌርሐውስ በተባለው ጭፈራ ቤት ሸክላዎቹን ማሰማቱን ቀጠለ። ዛሬ በዓለም የሚጨፈርበት «ሐውስ» የተባለው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ስሙን ያገኘው ከዚህ ቤት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «በመኪና የሚሠራ ሙዚቃ ነፍስ የለውም» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለእነርሱ የምመልሰው ከራሳችን ሰው ሥራ ነው። በዋልያስ ባንድ ውስጥ በኦርጋን ተጫዋችነታቸው የታወቁት ኃይሉ መርጊያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ወደ አሜሪካ ባደረገው ጉዞ ምክንያት በዚያው ቀሩ። በ1985 በዋሽንግተን «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ብቻቸውን ቀረጹ። በወጣትነታቸው ይጫወቱት የነበረውን አኮርዲዮን መልሰው አነሡ፤ ከሥሩ ግን ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን ሲንተሳይዘርና ከበሮ የሚመታ መሣሪያ አኖሩ። የቆየው ዜማ በአዲሱ መሣሪያ ላይ ተቀምጦ ናፍቆቱን አላጣም። ካሴቱ ለጥቂት ጊዜ ተሰማ፤ ከዚያም ከብዙው ጆሮ ራቀ። ኃይሉም በዋሽንግተን ታክሲ እየነዱ ኖሩ፤ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ጊዜ በመኪናቸው ውስጥ ትንሽ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር።

የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስበው አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትዝ ይህን ካሴት ያገኘው በባሕር ዳር ነው። በ2013 እንደገና ታተመ፤ ሙዚቀኛውም ወደ ዓለም መድረኮች ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ ሥራ አወጡ። ይህ የሚያስደስት ነው፤ የሚያስቆጭም ነው። ካሴቱ ባሕር ዳር ነበረ፤ «ስሙልኝ» ያለው ግን ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ ሰው ነው። (ካሴቱን ሳይጥል ላቆየው ስሙ ያልታወቀ ሰውም ምስጋና ይገባዋል።)

እንግዲህ እናንተ ለሌላው ሙዚቃ ስታሰሙ «በጣም ቆንጆ ነው» ብላችሁ አትቁሙ። ይህ ቃል ስለ ዘፈኑ ምንም አይናገርም። ደጋግማችሁ ስሙና የሰማችሁትን ግለጹ፤ «አኮርዲዮኑ ዜማውን ሲይዝ ከሥሩ ያለውን ምት አድምጥ፤ ከበሮውን የሚመታው ሰው አይደለም» በሉ። የጓደኛችሁንም ጠባይ እወቁ፤ እርጋታ ለሚወድ ሰው ፈጣኑን ዘፈን ማስቀደም ጥሩውን ሥራ ያስጠላል።

ዛሬ ስልኩም «ይህን ስማ» ይለናል። ይጠቅማል፤ ይሁንና የሚመርጠው እኛና እኛን የመሰሉ ሰዎች ቀደም ሲል የሰሙትን በመቁጠር ነው። ከለመድነው አካባቢም ብዙ አያርቀንም። በወላጆቻችሁ ወይም በአያቶቻችሁ ቤት በካርቶን ውስጥ ተቀምጦ ወደ ስልክ ያልገባ ካሴት በዚህ ቆጠራ ውስጥ የለም። እንዲህ ያለ ካርቶን ካለ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ክፈቱት፤ የደረቀ ክር በቀላሉ ስለሚበጠስ ማጫወቻ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት በእርሳስ ቀስ እያላችሁ አዙሩት።