«ብርዱ ነው» አሉ

በእኛ አገር ለጥፋት ባለቤት ሲታጣ የምትከሰሰው ተፈጥሮ ናት። ሰብል ቢበላሽ ዝናቡ ነው፤ መንገድ ቢቆረጥ ጎርፉ ነው፤ ማለዳ አልነሣ ያለ መኪና ደግሞ «ብርዱ ነው»። ተፈጥሮ መልስ አትሰጥም፣ ጠበቃም የላትም፤ ስለዚህ ፋይሉ እዚያው ይዘጋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ይህ ፋይል ይከፈት ለማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወግዲም ሆነ ከመካነ ሰላም ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ደሴ መግባት የሚፈልግ ሰው ጎህ ሳይቀድ መናኸሪያ መድረስ አለበት። እዚያ የሚጠብቀውን ደጋ ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። ሾፌሩ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሪኖው ያቃስታል፤ ባትሪው ይደክማል። ረዳቱ ከሞተሩ ሥር በናፍጣ የተነከረ ጨርቅ ያነዳል፤ እሳቱ የሚነደው ከነዳጅ ታንከሩ ጥቂት ክንድ ርቆ ነው። ቀጥሎ «ግፉ!» ይባላል። ጋቢ የተከናነቡ አባቶችና ነጠላቸውን ያደገደጉ እናቶች ሒሳብ የከፈሉበትን መኪና ይገፋሉ። ሞተሩ ነጭ ጭስ እየተፋ ሲነሣም ከጠፋ አይነሣም ተብሎ ስለሚፈራ፣ ሰው እስኪሞላ ድረስ አንድ ሰዓት ሙሉ በከንቱ ሲያጓራ ይቆያል። ለምን? «ብርዱ ነዋ!»

ብርድ የለም አልልም። ከኅዳር እስከ ጥር የቦረናንና የለጋምቦን ውርጭ የቀመሰ ሰው እንዲህ ብሎ አይከራከርም። የናፍጣ ሞተርም በባሕርዩ ብርድ አይወድም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 አውግስቡርግ ላይ ሠርቶ ያሳየው ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ ብልጭታ አይነሣም። አየሩን ወደ ሃያ እጥፍ ገደማ ጨምቆ ያግለዋል፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በዚያ ግለት ነው። ሌሊቱን የቀዘቀዘ ብረት ግለቱን ይሰርቀዋል፤ ዘይቱ ይወፍራል፤ ባትሪውም አቅም ያንሰዋል። በዚህ ላይ መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ከፍታ ላይ ሞተር የሚተነፍሰው አየር በባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው ሩብ ያህል ይቀንሳል።

ታዲያ ይህን ሁሉ መኪናውን የሠሩት ሰዎች አላወቁም ይሆን? አውቀውታል እንጂ! ጃፓንም ብርድ አለ፤ ከእኛ የባሰ በረዶም አለ። ለዚህ ነው በአብዛኞቹ ትናንሽ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ካንዴሌታ የሰኩት። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንዲት፣ ጣት የምታህል ዘንግ፣ ቁልፍ ሲከፈት የምትግል። ከአራቱ ሁለቱ ከሞቱ ሞተሩ በሁለት እግሩ ሊነሣ ይፍጨረጨራል። ያ ነጭ ጭስ እንፋሎት እንዳይመስላችሁ፤ በአብዛኛው ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። ተሳፋሪው የከፈለበት ናፍጣ!

ካንዴሌታ መሞቷን ለማወቅ መሐንዲስ ከቶኪዮ አይጠራም። ባለ 12 ቮልት መኪና ከሆነ ሽቦዋን ከአናቷ ፈትቶ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ የተዘረጋ ሽቦ በአንዲት አምፖል በኩል አሳልፎ መንካት ነው። አምፖሏ ከበራች ካንዴሌታዋ በሕይወት አለች፤ ካልበራች ቀብሯ ይፈጸም። ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪሻን የሻይ ሰዓት ሳይደርስ ይጨርሰዋል። የባትሪውን ጫፍ ከአረንጓዴው ዝገት ማጽዳት፣ ለብርድ የሚስማማ ቀጠን ያለ ዘይት መጠቀም፣ የናፍጣ ፊልትሮ በጊዜው መቀየር፣ ቁልፉን ከፍቶ የካንዴሌታዋ መብራት እስክትጠፋ መታገሥ፣ ይኸው ነው። የትኛው ነው ተአምር የሚጠይቀው?

አሁን ሒሳብ እንሥራ። ሦስት ሊትር ገደማ የሆነ የናፍጣ ሞተር ሥራ ፈትቶ ሲያጓራ በሰዓት ቢያንስ ግማሽ ሊትር ያህል ይጠጣል። በቀን አንድ ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ብንል 150 ሊትር መሆኑ ነው። ናፍጣ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ 49 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 አጋማሽ 99 ብር ደረሰ፤ በዚያም አልቆመም። በ99 ብር እንኳ ብናሰላው 14,850 ብር በመናኸሪያ አየር ላይ ተበተነ ማለት ነው። ያውም ማደያ ደርቆ ናፍጣ በጀሪካን ሲቸበቸብ የሚጠየቀውን ሳንቆጥር!

ኪሳራው በማለዳው ቢያበቃ ደግ ነበር። «ጉልበት አነሳት» ሲባል ፖምፓው ይከፈትና ናፍጣ ይጨመርላታል። አየሩ ግን በሩብ ቀንሷል፤ በዚያ ላይ የአየር ፊልትሮው የፒስታ አቧራ ጠግቧል። ምድጃው ታፍኖ እንጨት ቢጨምሩበት ቤቱ ይጨሳል እንጂ ድስቱ አይፈላም። ዳገት ላይ የምናየው ጥቁር ጭስ ይኸው ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን «ቁጠባ» የተባለው ነገር ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን ሲኬድ የዓባይ በረሃ ቁልቁለት አለ። አንዳንዱ ሾፌር እዚያ ሲደርስ ማርሹን አውጥቶ በፎሌ ይለቀዋል። ናፍጣ መቆጠቡ ነው። ልብ በሉ፤ መኪና በማርሽ ቁልቁል ሲወርድና እግር ከነዳጅ መርገጫው ሲነሣ ፖምፓው ናፍጣውን ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው ጎማው ነው። በፎሌ ሲወርድ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣቱን ይቀጥላል። እንግዲህ በፎሌ የሚወርደው ሾፌር ናፍጣም አልቆጠበም፣ ሞተሩ የሚሰጠውን መያዣም ጥሏል፤ ፍሬኑ ሲግልና ሲከዳ የሚቀረው ጸሎት ብቻ ነው። የሰው ነፍስ ተይዞ ትርፉ ከዜሮ በታች የሆነ ንግድ ይሏል ይህ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እየታወቀ ለምን አይስተካከልም? አንድ ባለመኪና ጠይቄ ነበር።

«አያ፣ እነዚህን ካንዴሌታዎች ለምን አታስቀይራቸውም?»

«ናፍጣው እኮ የሾፌሩ ነው። እኔ የዕለት ገቢዬን ነው የምቀበል።»

ሾፌሩን ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ የሰውዬው ናት። ዛሬ ዕቃ ባስገባላት ነገ ለሌላ ሊሰጣት ይችላል» አለኝ።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ባለመኪናው ናፍጣ ስለማይከፍል መለዋወጫ አይገዛም፤ ሾፌሩ መኪናው የእሱ ስላልሆነ አይጠግንም። መሐል ላይ የቆመው ተሳፋሪ ናፍጣውንም ይከፍላል፣ መኪናውንም ይገፋል። በሽታው ያለው ከሞተሩ ውስጥ አይደለም፤ በሁለቱ ሰዎች ውል ውስጥ ነው። «የጋራ ድስት ቶሎ አይፈላም» እንዲሉ!

የመንግሥት መኪና ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የናፍጣ በጀት ራሱን ችሎ ይመጣል፣ የጥገና በጀትም ራሱን ችሎ። ናፍጣ ለቆጠበ ሹም ምስጋና የለም፤ የተረፈው በጀት ተመላሽ ነው። ካንዴሌታ ለመግዛት ግን ደብዳቤ፣ ፕሮፎርማ፣ ኮሚቴ፣ ፊርማ! እስከዚያው መኪናው ቁልቁለት ፈልጎ ያድራል። ያ መኪና አምቡላንስ ሲሆንስ? ምጥ እስኪነጋና አገር እስኪሞቅ አይጠብቅም። ደም የሚፈሳትን ሴት ቃሬዛ ላይ አስተኝቶ አምቡላንስ መግፋት በየትኛውም ቋንቋ «ብርዱ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

«ችግሩ እርጅና ነው፤ አዲስ ይገዛ» የሚሉኝ አሉ። በየትኛው ገንዘብ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እንደ እሳት አስወደደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተባለ፤ መጪው ዘመን የኤሌክትሪክ ነው ተባልን። እሰየው! አዲስ አበባ ላይ ያምርበታል። ወግዲ ግን እስኪደርስ ድረስ ገበሬውን፣ ጤፉንና በሽተኛውን የሚያመላልሱት እነዚሁ አሮጌ ናፍጣ ጠጪዎች ናቸው። መኪና እኛ አገር በጡረታ አይወጣም። የማይሸኝ ሽማግሌ ደግሞ ይጦራል እንጂ አይሰደብም።

የምለው ብዙ አይደለም። ባለመኪናና ሾፌር ሲዋዋሉ የሞተሪኖ፣ የካንዴሌታና የፊልትሮ ወጪ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ያስፍሩ፤ ከናፍጣ የተረፈውን ይካፈሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱም መካኒክ ይሆናሉ። የወረዳ መሥሪያ ቤቶች ከናፍጣ የቆጠቡትን ለጥገና እንዲያውሉ ይፈቀድላቸው። ለቦሎ ምርመራ የሚቀርብ መኪና ሞተሩ ሞቆ ብቻ ሳይሆን አድሮ በቀዘቀዘበትም ይታይ፤ ጭሱም ይታይ። ተሳፋሪውም ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት አንዲት ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ይቺ መኪና በራሷ ትነሣለች ወይስ በእኛ?» በእኛ ከሆነች የገፊ ዋጋ ከታሪፉ ላይ ይቀነስ። ያን ዕለት ካንዴሌታ በየመለዋወጫ ሱቁ ተፈልጋ ትገዛለች።