ዝምታ ሁሉ አንድ አይደለም

«በአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምናም ሆነ በስትሮክ አንደበቱ የተያዘ ሰው ያው ነው» የሚል ጽሑፍ ታትሞ አነበብኩ። ያው አይደለም! ስትሮክ ዱብ ዕዳ ነው፤ ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። ዕጢ ግን ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ አንጎልም ሥራውን ለሌላ ክፍል ለማሸጋገር ፋታ ያገኛል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው የንግግር ችግር ከፊሉ ከእብጠት ነው፤ በሳምንታትና በወራት ሊሻሻል ይችላል። እርግጥ ነው፣ በፍጥነት የሚያድግ ዕጢ አለ፤ የማይሽር ጉዳትም አለ።

የሚጠፋውም ነገር ከሰው ሰው ይለያያል። የሐይቅ ዓሣ አጥማጅ መረቡን እያሳየ «ያ... ዓሣ የምንይዝበት» ቢል፣ የጠፋው ስሙ እንጂ ሙያው አይደለም። መናገር ያቃተው አንዳንዱ ሰው ማዜም አያቅተውም፤ ቅኝት በአገሩ ስም የተጠራለት የአምባሰል ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። «ያው ነው» ማለት ግን አስታማሚን ተስፋ ያስቆርጣል።