ጦርነትን በዓመተ ምሕረት ብቻ አናስተምር

በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን አንድ ነገር ታዘብን። ተማሪዎቹን ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስንጠይቃቸው «ከ1914 እስከ 1918 እ.ኤ.አ.» ብለው ባንድ ትንፋሽ ይመልሳሉ። «ያ ሁሉ ሰው ለምን አለቀ? ምንስ አስከተለ?» ስንላቸው ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። እውነቱን ከተናገርን ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም። እኛም የተማርነው እንዲሁ ነው፤ ነገ የምናስተምረውም እንዲሁ እንዳይሆን ያሰጋናል።

እስቲ የሶምን ውጊያ እንውሰድ። በ1916 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች በሰሜን ፈረንሳይ የነበረውን የጀርመን ምሽግ ሰባት ቀን ሙሉ በመድፍ ደበደቡት። አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል የመድፍ ጥይት ተተኮሰ። ከዚህ ወዲያ በምሽጉ ውስጥ ነፍስ ያለው አይተርፍም ተባለ። ጀርመኖች ግን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ተጠልለው ነበር፤ እሾሃማው ሽቦም በብዙ ቦታ አልተበጠሰም። ጁላይ 1 ቀን ጠዋት እግረኛው ጦር ወጥቶ ሲራመድ መትረየስ ጠበቀው። በዚያ ቀን ብቻ ከእንግሊዝ ወገን 57,470 ሰው ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ከነዚህ ውስጥ የሞቱት 19,240 ናቸው። ባንድነት የተመዘገቡ ያንድ ከተማ ልጆች ባንድነት አለቁ። ውጊያው ኖቬምበር ላይ ሲቆም ከሁለቱም ወገን የሞተውና የቆሰለው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ ነበር። የተገኘው መሬት ግን ቢበዛ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባላገር በሁለት ሰዓት የሚጨርሰው መንገድ እኮ ነው!

በዚያው ዓመት ቨርደን ላይ ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ከፌብሩዋሪ እስከ ዲሴምበር ተፋጁ። ሰባት መቶ ሺህ ያህል ሰው ሞቶና ቆስሎ ሲያበቃ፣ ግንባሩ ወደ ነበረበት አካባቢ ተመለሰ።

ታዲያ ለምን? ምሽግ፣ ሽቦና መትረየስ ተከላካዩን አበረቱት። አጥቂው በጭቃ ውስጥ በእግሩ ሲዳክር፣ ተከላካዩ አዲስ ጦር በባቡር ያመጣል። ይህን ያወቀ ተማሪ ቁጥሩን ባይሸመድደውም አይረሳውም።

ውጤቱስ? እዚያው አውሮፓ ቀረ እንዳንል፣ እኛንም አግኝቶናል። ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር በምትባል ከተማ ዙሪያ በ1915 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች ክሎሪን የተባለውን መርዝ ለቀቁ፤ በ1917 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቆዳ የሚልጠውን የሰናፍጭ ጋዝ እዚያው ጣሉ። ጣሊያኖች ይህንኑ ጋዝ በከተማዋ ስም «ኢፕሪት» ይሉታል። በ1925 እ.ኤ.አ. ጄኔቭ ላይ በመርዝ ጋዝ መዋጋት ተከለከለ፤ ጣሊያንም ፈረመች። ነገር ግን በ1928 ዓ.ም. በተከዜ አካባቢና በሌሎችም ግንባሮች ያንኑ ኢፕሪት ከአውሮፕላን በአባቶቻችን ላይ አዘነበችው። ከዚያ እልቂት በኋላ የተቋቋመው የመንግሥታት ማኅበርም፣ ኢትዮጵያ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባሉ ሳለች፣ አላዳናትም። የወጋ ቢረሳ፣ የተወጋ አይረሳ።

«ፈተናው የሚጠይቀው ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጊዜስ የት አለ?» የሚሉን አይጠፉም። ቀን አይጠና አላልንም። ቀን ለታሪክ እንደ ችካል ነው፤ ችካል ብቻውን ግን አጥር አይሆንም። ከአርባ ደቂቃው ውስጥ አሥሯን «ለምን?» እና «ከዚያስ?» ለሚሉት ጥያቄዎች ብንተው ምን ይጎድልብናል?

እኛ እጩ መምህራን ነገ በየገጠሩ ስንበተን፣ በእጃችን ካርታም መጽሐፍም ላይኖር ይችላል። ጠመኔና ጥያቄ ግን አናጣም። ልጆች ጦርነትን እንደ ስም ዝርዝር ከተማሩት፣ ሲያድጉ የሚቀራቸው ማን አሸነፈ የሚለው ብቻ ነው። ምን ዋጋ እንደተከፈለበት ከተማሩ ግን ነገ ጦርነት ቀላል ነው የሚላቸውን ሰው መልሰው ይጠይቁታል። ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ መምህራንና ሠልጣኞች፣ በዚሁ ሰሌዳ ላይ መልሱልን።