አንድ ፕሮሰሰር ለመግዛት ሦስት ዕቃ መክፈል

አዲስ ፕሮሰሰር ወጣ በተባለ ቁጥር «ይገዛ ወይስ ይቆይ?» የሚለው ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ግን ከመነሻው ጎዶሎ ነው። ወደ አዲስ ፕላትፎርም መሻገር አንድ ዕቃ መግዛት አይደለምና። ፕሮሰሰሩ ሶኬቱ የሚገጥም ማዘርቦርድ ይጠይቃል፤ ማዘርቦርዱ ደግሞ የራሱን ራም። የኤኤምዲው ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ብቻ ስለሆነ፣ በእጅ ያለው ዲዲአር4 ምንም ጤነኛ ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

«ቴክኖሎጂው ያስገድዳል» የሚሉ አሉ። ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2020 ኤልጂኤ 1200ን፣ በ2021 ኤልጂኤ 1700ን፣ በ2024 ደግሞ ኤልጂኤ 1851ን አመጣ። በአንጻሩ በ2022 የወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ፣ ባዮሳቸው ከታደሰ፣ በ2017 በተሸጡ ብዙ የኤኤም4 ቦርዶች ላይ ይሠራል። ኤኤምዲም ቢሆን በ2020 አዲሶቹን ራይዘኖች በቆዩ ቦርዶች ላይ አልደግፍም ብሎ ነበር፤ ሐሳቡን የቀየረው ደንበኞች ስለጮኹ ነው። የአንድ ቦርድ ዕድሜ የኩባንያ ውሳኔም ነው ማለት ነው።

ይህ ውሳኔ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲደርስ ይከብዳል። ዕቃው የሚገባው በዶላር ነው። የምንዛሪ ተመኑ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ሳያስፈልግ የተቀየረ ማዘርቦርድ እዚህ ቀላል ስህተት አይደለም።

ገዢውን የሚያማልለው በቪዲዮ የሚያየው የፍጥነት ሰንጠረዥ ነው። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። እነዚያ የጌም ሙከራዎች በአብዛኛው የሚሠሩት እጅግ ውድ በሆነ ግራፊክስ ካርድ ነው። መካከለኛ ካርድ ያለው ሰው ልዩነቱን እምብዛም አያየውም። ደብዳቤ የሚጻፍበትና ሒሳብ የሚሠራበት የቢሮ ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ደግሞ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት አሮጌው ሃርድ ዲስክና ያነሰው ራም ነው። ኤስኤስዲ መግጠምና ራም መጨመር ከአዲስ ፕላትፎርም እጅግ ይረክሳል።

እውነተኛ ምክንያት የለም ማለት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 እና በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ስምንተኛው ትውልድ ግን የወጣው በ2017 ነው። መስፈርቱን ለማሟላት ዘንድሮ የወጣ ማሽን አያስፈልግም። ቪዲዮ በማቀናበርና ሦስት አቅጣጫዊ ንድፍ በመሥራት ለሚተዳደር ሰው ሒሳቡ ይለያል፤ በየቀኑ የሚተርፈው ሰዓት ገንዘብ ነው፣ ይግዛ።

ሌላው ግን፣ በተለይ በሕዝብ ገንዘብ የሚገዛ መሥሪያ ቤት፣ በጨረታ ሰነዱ ላይ «የመጨረሻው ትውልድ» ብሎ ከመጻፉ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ ሥራው የሚዘገየው በፕሮሰሰሩ ነው? ይህን ሳያጣራ የሚፈርም ኃላፊ የሚያባክነው የራሱን ኪስ አይደለም።